«ተራ» ስንት ቃል ነው?

ጠዋት አጠና ተራ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው «ተራ» የምትለዋን ቃል በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ይሰማታል። ተራ አስከባሪው ይጮኻል። «ተራው የኔ ነው» የሚል አይጠፋም። ጭቅጭቁ ከጋመ ደግሞ አንዱ ሌላውን «ተራ ሰው» ይለዋል። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው ለቤት መሥሪያ ከሚሆነው የባሕር ዛፍ አጠና ገበያ ነው። የወረፋው፣ የገበያውና የስድቡ ተራ አንድ ቃል ናቸው ወይስ ሦስት? እኔ አንድ ናቸው ባይ ነኝ፤ መነሻቸው በረድፍ መቆም ይመስለኛል፤ ከረድፉ ተለይቶ የማይታየውም «ተራ» ይባላል። ሌላ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለየብቻ ቢያሰፍራቸው ግን አልፈርድበትም።

የቃላትን ፍቺ የሚያጠናው ዘርፍ በአውሮፓ የራሱን ስም ያገኘው ፈረንሳዊው ሚሼል ብሬያል እ.ኤ.አ. በ1883 «ሴማንቲክ» ሲለው ነው፤ እኛ ሥነ ፍቺ እንለዋለን። ሥራው ግን በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከስሙ ቀድሞ ነበረ። መምህሩ የግእዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ፍቺ ይጨምራል። አንድምታ የሚለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው። የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን አይሽረውም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሰዋስው መጻሕፍትም የቃላት ዝርዝር ይይዙ ነበር። ሰዋስው መሰላል ማለት ነው፤ የግብፅ ክርስቲያኖችም የቅብጥና የዐረብኛ መዝገበ ቃላታቸውን እንዲሁ መሰላል ይሉት ነበር።

የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የጀመረው ሩቅ አገር ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ አማርኛን በላቲን ፈታ። በአገር ልጅ እጅ ከተሠሩት ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን አለቃ አስፋፍተው ጻፉት፤ ለኅትመት ያበቁት ደግሞ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የደስታ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ተከተለ። የኪዳነ ወልድ መጽሐፍ በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ የተደረደረ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ሰው ቃል ፍለጋ ላቡ ጠብ ይላል። ትጋታቸው ሁሉ ሥር ፍለጋ ላይ ነው፦ ዕብራይስጡ፣ ሱርስቱ፣ ዐረቡ ምን ይላል?

ሥር ብዙ ያሳያል፤ ሁሉን ግን አያሳይም። «ቀራንዮ» ከግሪክ በወንጌል በኩል የመጣ የራስ ቅል ስፍራ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ መታወቂያውን ሊያሳድስ ወረዳ የሚሄድ ሰው ግን የራስ ቅል ትዝ አይለውም። «ካራ ቆሬ»ን ኦሮምኛ የሚችል ሰው መንገድና እሾህ ብሎ ይሰማዋል። «ኮልፋ» በኦሮምኛ ሳቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ከ«ኮልፌ» ጋር በድምፅ መመሳሰሉ ብቻውን ለስሙ መነሻ ማስረጃ አይሆንም። የቦታ ስም አጥኚዎችን ሁልጊዜ የሚፈትናቸው እንዲህ ያለው ጣፋጭ ግምት ነው።

ቃልን ሥራው ያደረገ ሙያ የቋንቋ ጥናት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። አንቀጽ 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ሰበብ ከዚያ እንዳይወጣ ያዛል፤ ለአንድምታ ቦታ የለውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 39 «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በአንድ ፍቺ ይጠቀልላቸዋል። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ቢያደርግ ሰነፍ ይባል ነበር። ለታሪክ ተመራማሪ ይበልጥ የሚያጓጓው ግን «ብሔር» ራሱ ነው። በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» ውስጥ ዛሬም በዚያው ፍቺው አለ። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ካነሣ ወዲህ ግን ምድር የነበረው ቃል ሰው ሆነ።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ታማሚው «ምች መታኝ» ሲል ትኩሳት ሊሆን ይችላል፣ የከንፈር ቁስልም ሊሆን ይችላል፤ እቤት ዳማ ከሴ ታሽቶለት ይሆናል። ሐኪሙ ቃሉን ወደ አንድ የበሽታ ስም ልመልሰው ቢል አይገጥምለትም። «ልቤን አመመኝ» የሚለውም ደረቱን ይሁን ሆዱን መጠየቅ ግድ ነው።

የመጨረሻው መጤ ኮምፒውተር ነው። የዋልታ ዜናዎችን ይዞ ከ200 ሺህ በላይ ቃላት ያሉት ስብስብ የየቃሉ ክፍል ተለይቶለት ተዘጋጅቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው? «ዋና» ውኃ ውስጥ ነው ወይስ አለቃ? ዓረፍተ ነገሩ ካላገዘው ማሽኑ ይደናገራል። ታክሲው አየር ጤና ሲደርስ አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ይላል። ጽሑፉን ብቻ ያየ ኮምፒውተር ወራጁ አንድ ነገር እንደተናገረ ሊቆጥረው ይችላል። ረዳቱ ግን በሩን ይከፍታል።