ሞተሩ ከጀርባው ነው

«እስቲ ኮፋኖውን ክፈትና ሞተሩን አሳየኝ» አሉ ሽማግሌው።

ሚኒሶታ ያለው የልጅ ልጃቸው ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ የመኪናውን የፊት ክዳን አነሳ። ትርፍ ጎማ አለ፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም።

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩ ከጀርባዬ ነው፣ አካኮ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አካኮ በአካባቢው ኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም። በጉልምስናቸው ዘመን በድሬዳዋና በሐረር መካከል ፔጆ 404 ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸውና ሞተር የት እንደተቀመጠ ለእሳቸው የሳቅ ጉዳይ አይደለም። የሆጃውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡና «እንግዲያው ኩርባ ላይ ኋላው ሊቀድምህ ይፈልጋል» አሉት። ልጁም ሳቁን አቆመ።

ይህ የሆነው ዋሂል ነው፤ ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር መንደሮች በአንዷ። የልጁ እናት ድሬዳዋ ስንማር አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ ናት። ልጇ ወደ አሜሪካ ከሄደ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። እንደ ብዙ የሐረርጌ ልጆች የገባው ሚኒሶታ ነው፤ ሌሊት መጋዘን ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። በዚያ ሁሉ ድካም መካከል አንድ ነገር አማረውና አሮጌ ቶዮታ ኤም አር 2 ገዛ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ናት።

እናትየው «ይሽጣት» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ጭቅጭቁን ያባሰው ግን መኪናው ራሱ ሳይሆን ልጁ የላከው ዝርዝር ነው። ቱርቦ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ማርሚታ፣ መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ፣ ሰፋፊ ቸርኬ፣ የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከያ ሊያስገባ ነው። ቱርቦው ብቻውን ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። ገንዘቡ የሚወጣው ደግሞ አገሩ መጥቶ እናቱንና አያቱን ሊጠይቅበት ካስቀመጠው ነው። ይህን የነገረችኝ ሹክ ብላ ነው፤ ሽማግሌው እንዲሰሙ አልፈለገችም። እሳቸው ግን ሰምተዋል።

ወላጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብን የምናውቀው ሁለት መንገድ ነው፤ ወይ «አርፈህ ተቀመጥ» እንላለን፣ ወይ «እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ» ብለን እንተወዋለን። ሽማግሌው ያደረጉት ከሁለቱም የተለየ ነው። ዝርዝሩን አንድ በአንድ አስነበቡትና አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «ፍሬን የሚለው የቱ ጋ ነው?»

አልነበረም።

ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ምን ይመጣል ለሚል አንባቢ፣ ሽማግሌው ለልጃቸው ያስረዱበትን ልንገራችሁ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከረጅም ዱላ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ድንገት ዙር ቢሉት ያዳግተዋል። ሁለቱንም ደረቱ ላይ ያቀፈ ሰው ግን ወዲያው ይዞራል። ሞተሩ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የተቀመጠ መኪና እንደ ሁለተኛው ሰው ነው፤ ከባዱ ነገር መሃሉ ላይ ተሰብስቧል። የውድድር መኪናዎችም፣ እነ ፌራሪም ሞተራቸውን ወደ መሃል ያመጡት ለዚህ ነው። ችግሩ በቶሎ የሚዞር ነገር በቶሎ የሚሾርም መሆኑ ነው። ነጂው ኩርባ መሃል ላይ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ ድንገት ሲያነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሬቱን ይለቃሉ። በዝናብ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ባለ መኪና ልምድ ያለው ነጂ እንኳ ለማረም የሚያገኘው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም።

ቶዮታ ራሱ ይህን በሥራ አይቶታል። የኤም አር 2 ሁለተኛው ትውልድ በ1989 ሲወጣ ኋላው ድንገት ይሸሻል የሚል ስም አተረፈ። ፋብሪካውም ከጥቂት ዓመት በኋላ የጎማ መሸከሚያውን አሠራር ለወጠ፣ ጎማውንም አሰፋ። የልጁ መኪና ከሦስተኛው ትውልድ ነው፤ ከ1999 እስከ 2007 የተሠራው። ያም ቢሆን በ2003 ሲታደስ የሞተሩ ጉልበት እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ማጠናከሪያ ብረት ተጨመረለት፣ የኋላ ጎማውም ሰፋ። እንግዲህ ሠሪው መኪናውን ሲያሻሽል ገንዘቡን ያፈሰሰው ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ላይ ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው «አላውቅም ነበር» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያነበብኩት እሱ መኪናውን ከገዛ በኋላ ነው።

ሽማግሌው አንብበው አይደለም ያወቁት። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሲወጡ ሞተር ይፈተናል፣ ሲወርዱ ፍሬን። «ደንገጎን ለመውጣት ጉልበት ያጣ መኪና ይቆማል፤ ለመውረድ ፍሬን ያጣ ግን አይቆምም» ይላሉ። በእሳቸው ጊዜ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ቁልቁል የሚለቅ ሹፌር ነበር። የሸራው ሽታ ከኩርባው ቀድሞ ይመጣ ነበር አሉ።

ፔጆ 404ን ዛሬ የምናስታውሰው በታክሲነቱ ነው እንጂ፣ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈ መኪና ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «የእኔው ግን ኮረብታውን በማርሽ እየወረደ ነው እዚህ የደረሰው» አሉ።

ከዚያ የዝርዝሩ ሥራ ተጀመረ። ስልኩ ጀሪካን ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ኔትዎርኩ ሲቋረጥ እየጠበቅን ቀጠልን።

መጀመሪያ የሞተሩ ጤና ተጠየቀ። የልጁ መኪና ሞተር 1.8 ሊትር፣ 138 የፈረስ ጉልበት ነው። እኛ አገር የለመድነው የኮሮላ ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያ ዘመን ኮሮላም ላይ ገብቷልና። የቀደሙት ምርቶች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ቱርቦ መጫን የታመመ ሰው ላይ ጆንያ መጫን ነው። ደግሞም ራዲያተሩ ፊት፣ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ውሃው በወለሉ ሥር በረጅም ቱቦ ይመላለሳል፤ ውሃ ሲቀየር ውስጡ የታመቀው አየር በደንብ ካልወጣ ይሞቃል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «ድሬዳዋ ብትኖር አንድ ቀን አትነዳትም ነበር» አሉ። ሙቀቱን አስበው ነው።

ቀጥሎ ፍሬን መጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው የፍሬን ዘይትን ነገር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ሲገባበት ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። መኪናው ቆሞ ቢውል እንኳ ዘይቱ ያረጃልና በሁለት ዓመት መቀየሩ ይመከራል። ልጁ መቼ እንደተቀየረ አያውቅም። መኪናውን የሸጠለትም አልነገረውም።

ጎማው ላይ ግን ኩራት ነበረው። «ጥርሱ ሙሉ ነው፣ አካኮ፣ አዲስ ነው» አለ።

«ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብልኝ።»

ይህን እናንተም ከቤታችሁ ደጅ በቆመው መኪና ላይ ሞክሩት። ጎማ ጎኑ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ በሚሉ የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን። አራቱ አሃዞች በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፉ ካጣችኋቸው የጎማውን ውስጠኛ ጎን እዩ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ 1514። በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ15ኛው ሳምንት። ጥርሱ ሙሉ የሆነው ስላልተነዳ እንጂ ስላላረጀ አይደለም። ላስቲኩ አሥር ዓመት አልፎት ደርቋል። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ደህና ቢመስል እንኳ ከአሥር ዓመት በኋላ አውልቃችሁ ጣሉት ይላሉ። በዚያ ጎማ ላይ ነው ቱርቦ ሊጭን የነበረው።

እናትየው እዚህ ላይ ተነስታ ወጣች። ፍየሎቹን ልታስገባ ነው አለች።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ መኪና የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አይደለም፤ ኋላው ሰፋ ይላል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላው እንዳይሸሽ ነው። ለመልክ ብሎ ፊቱን ማስፋት ወይም አዲሱን ጎማ ፊት፣ አሮጌውን ኋላ ማድረግ ሠሪው በጥንቃቄ ያስተካከለውን ያፈርሳል። ሞላ ማስቆረጥም እንዲሁ ነው። እኛም ጋ ወጣቱ መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላ ያስቆርጣል፤ ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎማው ጉድጓድ ላይ ይዘላል እንጂ አይረግጥም። የሚቀይር ሰው ለመኪናው የተሠራ ሞላ ከአሞርዛቶሩ ጋር አንድ ላይ ይቀይር፣ የጎማውንም አቅጣጫ በመሣሪያ ያስለካ። ማርሚታውን ሽማግሌው በአንድ ቃል አለፉት፤ «ጩኸት።» እኔም የምጨምረው የለኝም።

የሚኒሶታ መኪና ዋሂል ላለች እናት ምኗ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚወስደንን ሃይስ አስቡት። አባዱላ የምንለው ማለት ነው። የእሱም ሞተር ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር፣ ወደ መሃል ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ነጂው ጎማው ላይ የተቀመጠ ያህል ነው፣ ከፊቱ ኮፋኖ የለም። ቶዮታ ሞተሩን ወደ ፊት አውጥቶ አጭር ኮፋኖ የሰጠው በ2019 በወጣው ሞዴል ነው። እዚህ የሚደረግለት «ማሻሻያ» ምንድን ነው? ባሌስትራ ይደረብለታል፣ ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ይታሰራል፣ ተጨማሪ መቀመጫ ይገባል። ሁሉም ለጭነት ነው። ለተጨመረው ክብደት ፍሬን የጨመረ ባለንብረት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጣሪያው ላይ የተጫነው ደግሞ መኪናውን አናቱ ከባድ ያደርገዋል፤ ኩርባ ላይ መጀመሪያ የሚያጋድለው እሱ ነው። ሾፌሩን «የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ልጁ መኪናዋን አንድ ቀን ወደ አገር ቤት ለማምጣት ያስብ ነበር። ያ ሐሳብ እዚያው ቀረ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

በመጨረሻ ሽማግሌው የጠየቁት መኪናውን ሳይሆን ልጁን ነው። «አንተን ማን ያሻሽልህ?» አሉት። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም። እዚያ አገር እንደ ስፖርትስ ካር ክለብ ኦፍ አሜሪካ ያሉ ማኅበራት በሰፊ ባዶ ቦታ ኮን ደርድረው፣ አንድ አንድ መኪና እየለቀቁ ሰው በገዛ መኪናው የሚሞክርበት ቀን ያዘጋጃሉ። አብሮ ተቀምጦ የሚያስተምርም ይገኛል። ዋጋው ከአንድ ማርሚታ በእጅጉ ያንሳል። የመድን ነገርም ተነሳ፤ የተቀየረውን ነገር ሳያስታውቁ የቀሩ እንደሆነ አደጋ ሲደርስ ካሣ ሊከለከሉ ይችላሉ። ይህን ልጁ ያውቅ ነበር፤ ዝም ብሎ ነበር።

ከሁለት ወር ግድም በኋላ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ልጁ ጎማውን አራቱንም ቀይሯል፣ ፍሬኑን ከነዘይቱ አድሷል፣ ኮን ወደተደረደረበትም ሄዷል። በመጀመሪያው ቀን ዝናብ ነበር። አንዱ ኩርባ ላይ ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሳ፤ መኪናዋም ሁለት ጊዜ ሾረች። የገጨው አንድ የላስቲክ ኮን ነው። ማታ ለአያቱ ደውሎ «ልክ እንዳልከኝ ነው፣ ኋላው ቀደመኝ» አላቸው።

እሷ አሁንም ይሽጣት ትላለች። ሽማግሌው ደግሞ የጠየቁት ስንት ብር እንደተረፈው ነው። ልጁ ነገራቸው።

«እንዳትነካው» አሉት።

«ለቱርቦው?»

«ለቲኬቱ።»