ሁሉም የሚያየው ማብላያውን ነው

እስቲ ጠጋ በሉ። ቤተ ሙከራችንን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው የኑክሌር ማብላያው ላይ ነው። ሰማያዊ ብርሃኑን ያያል፣ ይደነቃል፣ ይሄዳል። እኛም ዝም! ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፦ ማብላያው ቀላሉ ሥራ ነው። የባሕር ኮራል አጥንትን ማብላያው ውስጥ ከትተን የምናደርገው ምርመራ የሚቃናውም የሚበላሸውም ከዚያ በፊት፣ ማጠቢያው ገንዳ ዘንድ ነው።

አዲስ ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ የምትሰማው ምን እንደሆነ ገምቱ። «ቀለበትሽን አውልቂ!» ወርቅ ኒውትሮን ከነካው በኋላ ጋማ ጨረሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ዓይን የማያየው ብናኝ እንኳ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ጣት ላይ የነበረው ወርቅ ከባሕር የመጣ ይመስላል። ባዶ እጅም ክልክል ነው፤ ላብ ጨው ነዋ። የብረት መሣሪያ ደግሞ ብረትና ክሮሚየም ጥሎ ይሄዳል። የአልማዝ ምላጭና የፕላስቲክ ወረንጦ የምንወደው በከንቱ አይደለም።

ከዚያ እጥበቱ ይመጣል። ኮራሉ በሕይወት ሳለ የነበረው ሥጋ ቅሪት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለቃል። ቀዳዳው ውስጥ የተሸጎጠው ጭቃና ዝገት ደግሞ ቀጠን ባለ አሲድ። አሲዱን ካበዛችሁ አጥንቱ ራሱ ይሟሟል፤ ከሳሳችሁ የጭቃውን ብረት የኮራሉ ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ። እኔ እጅ የማምነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የምወደው ምስጢር። የኮራል አጥንት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ካልሲየሙ፣ ካርቦኑና ኦክሲጅኑ ከማብላያው ሲወጡ ዝምተኞች ናቸው ማለት ይቻላል። በሚሊዮን ግራም ውስጥ 2 ወይም 3 ግራም ብቻ የሆነው ዩራኒየም የሚሰማው ለዚህ ነው። አንድ ጯሂ ብቻ አለ፦ ሶዲየም። በየ15 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ5 ቀን ወደ 256ኛ እጁ ይወርዳል። ታዲያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው? ቀስ በሉ! ዩራኒየሙን የምናውቅበት ኔፕቱኒየምም በ2.4 ቀን ገደማ ይጋመሳል። በ5ኛው ቀን የቀረው ሩብ እንኳ አይሞላም። አንዱ እስኪሞት ስትጠብቁ ሌላው እንዳያመልጣችሁ ነው ጨዋታው። ስትሮንሺየም ብቻ አያስቸኩልም፤ ግማሽ ዕድሜው 65 ቀን ነውና ሳምንታት ቆይቶም ይቆጠራል።

ስትሮንሺየም ካልኩ አይቀር፣ ኮራል ከካልሲየም ጋር አቀላቅሎ ይገነባዋል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ብዙ ያስገባል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። የሙቀቱ ታሪክ የሚነበበው ከዚህ ነው። ግን በአጥንቱ ውስጥ ካሉት ንብርብሮች የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ በምን ታወቀ?

ይህን በለሆሳስ ነው የምነግራችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1958 በማርሻል ደሴቶች፣ ኤኒዌታክ ላይ ቦምብ ስትሞክር፣ እዚያ የነበሩት ኮራሎች ጨረራማውን ስትሮንሺየም እንደ ተራው ቆጥረው በአጥንታቸው ቀበሩት። እ.ኤ.አ. በ1972 ተመራማሪው ክኑትሰንና ሁለት ባልደረቦቹ የኮራሉን ቁራጭ ፊልም ላይ አስቀመጡት። የጠቆሩት መስመሮች ከሙከራዎቹ ዓመታት ጋር ገጠሙ። በኤክስሬይ የሚታዩት ንብርብሮች በየዓመቱ አንድ አንድ ጥንድ እንደሚጨምሩ የተረጋገጠው በዚያው ፊልም ነው።