የቁርጥማት ታካሚ ሲመጣ ሬዚደንት ሐኪሙ ብዙ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?

ከሬኮ ዲላ፣ ከዚያም በሪፈር ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያይዎ ሬዚደንት ሐኪም ሊሆን ይችላል። ሬዚደንት ማለት የሕክምና ዲግሪውን ጨርሶ፣ በስፔሻሊስቶች ክትትል ሥር ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም ነው።

ስለ መገጣጠሚያ ሕመሞች (ሩማቶሎጂ) ሲሠለጥን ዋናው ትምህርቱ በሥራ ብዛትና በዕድሜ የሚመጣን ሕመም ከብግነት መለየት ነው። ስለዚህ «ጠዋት ጣቶችዎ አልታጠፍ የሚሉት ለምን ያህል ጊዜ ነው?» ይልዎታል። ቡና ሲለቅሙ ውለው የሚያምዎ፣ ሲያርፉ የሚሻልዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ ብግነት አይደለም። ጠዋት ከ1 ሰዓት በላይ ካልፈታዎ ግን እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለ በሽታ ያጠራጥራል። መገጣጠሚያዎችዎን አንድ በአንድ ተጭኖ ያያል፤ ካበጠው ላይ በመርፌ ፈሳሽ ወስዶ ሪህ ወይም ኢንፌክሽን መሆኑን ያስመረምራል።

ሜቶትሬክሴት ከታዘዘልዎ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። ቀኑን በወረቀት ያስጽፉ፤ ቤተሰብም ይወቀው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለመውለድ ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩ።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ካቃጠለና ትኩሳት ካለዎ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።