የሕግ ተማሪ ልጆቻችንና የችሎት ልምምድ

ልጁን ሕግ ለማስተማር የወደደ አባት ብዙ ጊዜ በዓይነ ኅሊናው የሚመለከተው ነገር አንድ ነው። ልጁ በችሎት ፊት ቆሞ ሲናገር፤ ዳኛው ጸጥ ብሎ ሲያደምጠው፤ ባላጋራው መልስ ሲያጣ ይታየዋል። ነገር ግን ያ ልጅ ብዙ ዓመት ተምሮ አንቀጹን ሁሉ በቃሉ እያወቀ፤ አንዲት ባልቴት ወደ እርሱ ቀርባ «ልጄ፤ ነገሬን ስማኝ» ብትለው ከየት ጀምሮ እንደሚጠይቃት ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ ያሰብነው ነገሩ የተማሪ ቤት ብቻ ሳይሆን የየቤታችንም ስለ ሆነ ነው፤ ከየቤቱ ተነሥቶ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው የቀለብ፤ የውርስና የፍቺ ክርክር ነገ በነዚሁ ልጆች እጅ ይወድቃልና።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሙግትን ለይቶ የሚያስተምር ተማሪ ቤት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን በየሜዳው ነበረ። ችሎት በዛፍ ጥላ ሥር በገሃድ ይቀመጥ ስለ ነበረ እረኛውም መንገደኛውም ቆሞ ያደምጥ ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ አላፊ አግዳሚውን «ዳኛ ሁነን» ብለው ያስቆሙት ነበር፤ እርሱም ቆሞ ነገራቸውን ይሰማ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው በቁራኛ ሲሄዱ፤ በተጠየቅ ሲሟገቱ፤ ማርና ፈረስ ሲወራረዱ እያየ ያደገ ልጅ፤ ጠያቂው ማን መላሹ ማን እንደ ሆነ፤ ዋስ መቼ እንደሚጠራ፤ ምስክር እንዴት እንደሚቆጠር ሳያውቀው ይማረው ነበር። ይሁን እንጂ ያን ዘመን በጅምላ ለማመስገን አንወድም። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰው፤ እውነት ይዞ ቋንቋ ያጠረውን ድሀ በነገር ጠልፎ የሚጥልበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት አዲሶቹ የሕግ መጻሕፍት ገና መውጣታቸው ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954 ታውጀው ነበር፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደግሞ በ1958 ተከተለ። ስለዚህ የመምህሩም የተማሪውም ትጋት እነዚህን መጻሕፍት አንብቦ ወደ መረዳት ማዘንበሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሕግ ትምህርት ላይ በተደረገው ማሻሻያ ትምህርቱ 5 ዓመት ሆኖ፤ ምስለ ችሎት፤ በፍርድ ቤትና በዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የሚደረግ የተግባር ልምምድ፤ እንዲሁም ለችግረኞች የሚሰጥ ነጻ የሕግ ድጋፍ በትምህርቱ ውስጥ ገቡ። አሜሪካዊው የሕግ ሊቅ ጀሮም ፍራንክ ሐኪም በሽተኛ ሳያይ እንደማይመረቅ ሁሉ የሕግ ተማሪም ባለጉዳይ ሳያይ መመረቅ የለበትም የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፎት ነበር፤ ወደኛ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ቆየ ማለት ነው።

ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች ዳኛ፤ ከሳሽ፤ ተከሳሽና ምስክር ሆነው እንደ እውነተኛ ችሎት የሚሟገቱበት ነው። ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ምስክር የመጠየቅን ጥበብ በሌላ መንገድ መማር የሚቻል አይመስለንም። በሥነ ሥርዓት ሕጋችን ምስክሩን የጠራው ወገን በዋና ጥያቄ ጊዜ ወደ መልሱ የሚመራ ጥያቄ ያለ ዳኛ ፈቃድ ሊጠይቅ አይችልም፤ «ከሳሽን ሲመታው አይተሃል አይደለም?» ቢል ዳኛው ያቆመዋል፤ «በዚያን ቀን ምን አየህ?» ማለት ይገባዋል። ባላጋራው ወገን ግን በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲህ እየመራ መጠየቅ ተፈቅዶለታል፤ የመስቀለኛ ጥያቄ ዓላማ በፊተኛው ቃል ውስጥ ሐሰት ወይም ጥርጣሬ ያለበትን መግለጥ ነውና። ድጋሚ ጥያቄም በመስቀለኛው የተነሣውን ለማብራራት ብቻ ነው። ይህን ደንብ በመጽሐፍ ማንበብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ዳኛው ፊት ቆሞ፤ ምስክሩ ያልጠበቀውን መልስ ሲሰጠው ሳይደነግጡ ቀጥሎ መጠየቅ ግን የዓመታት ሥራ ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። የሕግ ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ችሎቱ ግን በአማርኛ፤ በኦሮምኛ፤ በትግርኛና በሌሎችም የአገር ቋንቋዎች ያስችላል። ተማሪው በፈተና ላይ በእንግሊዝኛ አሳምሮ የጻፈውን «የክስ ምክንያት» ለባላገር አስረዳ ቢሉት ይንተባተባል። ስለዚህ ምስለ ችሎቱም ልምምዱም በችሎቱ ቋንቋ ቢደረግ ይሻላል እንላለን፤ ባለጉዳይ የማይገባውን ጠበቃ እንዴት አድርጎ ያምነዋል?

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነጻ የሕግ ድጋፍ በሚሰጥበት ክፍል የሚደረገው ሥራ ነው። እንደ ሐረማያና እንደ ጅማ ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያሉ ማዕከሎች አሉ። ለምሳሌ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ብትመጣና «አባቱ ጥሎን ሄደ» ብላ ብታለቅስ፤ ያልተለማመደ ተማሪ ወዲያው ወረቀት ስቦ የክስ ማመልከቻ መጻፍ ይጀምራል። የተለማመደው ግን አስቀድሞ ያስቀምጣታል፤ ልቅሶዋ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ነገሯን በራሷ መንገድ ጀምራ እስክትጨርስ አያቋርጣትም። ከዚያ በኋላ «እትዬ፤ ቀለቡ የተቋረጠው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች አንዲት ጥያቄ ተራ ትመስላለች፤ ነገር ግን ውዝፍ ቀለብ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፤ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ሊቀር ስለሚችል፤ ተማሪው ሳይጠይቃት ወይም «በሚመጣው ሳምንት ተመለሺ» ብሎ ቢያሰናብታት የሕፃኑ እንጀራ ይጎድላል። አባትየው የት እንደሚሠራና ምን እንደሚያገኝ፤ ጋብቻው በምን እንደሚረጋገጥ፤ የልጁ የልደት ማስረጃ በማን እጅ እንዳለ፤ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማትችል እንደ ሆነም በድህነት ለመክሰስ ማመልከት እንዳለባት፤ ይህ ሁሉ በጥያቄ የሚገኝ ነው። ማመልከቻው የክስ ምክንያት የማያሳይ ከሆነ መዝገብ ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ የሚመላለሰው ደግሞ ተማሪው ሳይሆን ልጅ ያዘለችው እናት ናት።

ወደ ዕርቅም እንምጣ። በ1952ቱ ሕግ የፍቺ ነገር በቤተ ዘመድ ሽማግሎች ይዳኝ ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፤ አዋጅ ቁጥር 213/1992፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሎች የማስታረቁን ሥራ አስቀረላቸው። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተ ሰብ ሕግ አላቸው። ዳኛው አስቀድሞ ባልና ሚስቱን ያነጋግራል፤ ባይሆንለት ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሎች እንዲነጋገሩ ያደርጋል፤ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣቸው ይችላል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ፍቺ በግልግል ዳኝነት እንዳይታይ በግልጽ ከልክሏል። እንግዲህ የግልግል ዳኛ ይፈርዳል፤ አስታራቂ ግን አይፈርድም፤ ይህንን ልዩነት ሳይለይ ወደ ሽማግሎች ጉባኤ የሚገባ ተማሪ «ጥፋተኛው አንተ ነህ» ብሎ ነገሩን ያበላሻል።

ተማሪዎች ከአገር ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠው ቢያዩ ደስ ባለን ነበር። ሽማግሌው አንዱን ወገን ለብቻው ገለል አድርጎ ሲያነጋግር፤ የሰማውን ሁሉ ለሌላው ወገን ሳያወጣ የሚጠቅመውን ብቻ ሲያቀብል፤ ቍጣ በተነሣ ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶ ሲበትን ብዙ ይማራሉ። የተማረ ሰው ዝምታን ይፈራል፤ ሽማግሌ ግን በዝምታ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ሚስቱን የሚደበድበው ባል በመጣ ጊዜ «ታገሺው፤ ትዳርሽን አትበትኚ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ዕርቅ ተብሎ ሊጠራ አይገባም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ተማሪው ማስታረቅን ሲማር የማይታረቀውንም አብሮ መማር አለበት። ለዚህም የሚረዳው ባልና ሚስቱን አስቀድሞ ለየብቻ ማነጋገር ነው፤ ሴቲቱ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ «ትፈሪዋለሽ ወይ?» ብትባል የምትመልሰው የታወቀ ነውና።

ልጅዎን ወደ ሕግ ተማሪ ቤት የሚልኩ አባትና እናት እንግዲህ ስለ ውጤቱ ብቻ አይጠይቁ። በዚህ ዓመት ስንት ባለጉዳይ አነጋገርህ? ችሎት ገብተህ ስንት ቀን ተቀመጥህ? የጻፍከውን ማመልከቻ መምህርህ አርሞልሃል ወይ? ባለጉዳይዋስ ከመፈረሟ በፊት በምትሰማው ቋንቋ አንብበህላታል ወይ? ብለው ይጠይቁት።