መንግሥት የቆረጠው፣ መንግሥት የጠቀሰው ቁጥር

በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለ ወጣት ኬሚስት ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቢግ ሱር ጫካ እያደረ፣ ቀንም ሌሊትም በብርጭቆ ዕቃ አየር ይሰበስብ ነበር። በአየር ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ ይታመን ነበር። እሱ ያገኘው ግን ሌላ ሆነ፤ ሌሊት ዛፎቹ ሲተነፍሱ መጠኑ ይጨምራል፣ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲደባለቅ ደግሞ የትም ቢለካ ወደ 310 ይጠጋል። ከሚሊዮን እጅ 310 ማለት ነው።

እንግዲያው የዓለምን አየር አንድ ቦታ ተቀምጦ መለካት ይቻላል! መጋቢት 1958 ሃዋይ ውስጥ፣ በማውና ሎአ እሳተ ገሞራ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ መሣሪያው ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ቁጥር 313 ነበር። ወዲያው መብራት እየጠፋ ያስቸግር፣ ቁጥሩም ከፍ ዝቅ ይል ጀመር፤ ኪሊንግ ልፋቱ መና እንዳይቀር ሠጋ። ምሥጢሩ የተገለጠለት በሁለተኛው ዓመት ነው። ቁጥሩ ግንቦት ላይ ጫፍ ይደርሳል፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ተክሎች ሲለመልሙ ካርቦኑን ስለሚስቡት እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ቅጠል ሲረግፍና ሲበሰብስ እንደገና ይወጣል። የማይመለስ ነገርም ነበረው፤ በየዓመቱ ከአምናው በለጥ ይላል።

ከዚያ የበጀት ነገር መጣ። የአሜሪካ ኮንግረስ ገንዘብ ቀነሰ፤ በ1964 መጀመሪያ ወራት ማውና ሎአ ላይ መለካቱ ቆመ። ክፍተቱ ዛሬም ግራፉ ላይ ይታያል። የበጀት ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ያው መሣሪያ ያንኑ አየር ዓመት ከዓመት ሲለካ፣ ምን አዲስ ነገር ተገኘ ብሎ ቢጠይቅ አይገርምም።

ልኬቱ በቀጠለ በዓመቱ፣ ኅዳር 1965፣ የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሳይንስ አማካሪዎች ስለ አካባቢ ብክለት ሪፖርት አወጡ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ክፍል የተደገፈው በኪሊንግ ቁጥሮች ነው። መጠኑ እስከ 2000 በሩብ ገደማ ሊጨምር፣ ምድርንም ሊያሞቅ ይችላል ሲሉ አስጠነቀቁ። መፍትሔውስ? ነዳጅና ከሰል እንቀንስ አላሉም። የፀሐይ ብርሃን የሚመልሱ ጥቃቅን ነገሮች ውቅያኖስ ላይ ብንበትንስ አሉ፤ ወጪውንም በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብለው አሰሉት።

በ2001 ጆርጅ ቡሽ አገራቸው እንዲህ ያሉ ጋዞችን ለመቀነስ የተደረገውን የኪዮቶ ስምምነት እንደማትቀበል አስታወቁ። በሚቀጥለው ዓመት እኚሁ ፕሬዚዳንት ብሔራዊውን የሳይንስ ሜዳሊያ ለኪሊንግ ሸለሙ። የዚያ ዓመት የማውና ሎአ አማካይ 373 ነበር።