የአሮጌ ፒክ አፕ መኪና የኤሌክትሪክ ብልሽት፤ ስለ ኮረንቲው መመለሻ መንገድ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ጉዳይ፥ ብዙ ዘመን ያገለገለ ፒክ አፕ መኪና የኤሌክትሪክ መሥመሩ ሲበላሽ ብልሽቱ የሚገኝበት ስፍራና የሚፈለግበት ዘዴ ነው። ለምሳሌ የያዝነውም በአገራችን መንገዶች ላይ እጅግ የታወቀውን የቶዮታ ሃይሉክስን፥ በተለይም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1988 ጀምሮ የተሠራውን አምስተኛውን ዐይነት ነው። የእንዲህ ያለ መኪና ባለቤት መብራቱ ሲደክምበት ወይም ሞተሩ አልነሣ ሲለው፥ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አስቀድሞ ባትሪ መለወጥ፥ ቀጥሎ ዲናሞ መለወጥ፥ ከዚያም ሞተሪኖ ማስፈታት ነው። ገንዘቡ ካለቀ በኋላም ብልሽቱ በስፍራው እንዳለ ይገኛል። እኛ እንደምናምነው የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት፥ ኮረንቲው የሚሄድበትን መንገድ ብቻ እያሰቡ የሚመለስበትን መርሳት ነው።

ኮረንቲ ከባትሪው ወጥቶ መብራቱን ካበራ በኋላ ዞሮ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ሲሄድ በተሸፈነ ሽቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን መካኒኮቻችን ከኢጣልያንኛ በወረሱት ቃል «ማሳ» በሚሉት በመኪናው ብረት ላይ ይመለሳል። ይህ አሠራር ብዙ ሽቦ ስለሚያድን ለፋብሪካው ይጠቅማል፤ መኪናው አዲስ ሳለም ችግር አያመጣም። ነገር ግን ፒክ አፕ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ሞተሩ በጎማ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ ጋቢናውም እንዲሁ ከሻንሲው በጎማ ተለይቷል፤ የኋላው የጭነት ሣጥን ለብቻው በብሎን ታስሯል። እነዚህን ክፍሎች ለኮረንቲ የሚያገናኛቸው ጥቂት አጫጭር ሽቦና ብሎን ነው። ጭቃና ውሃ በብሎኑ ሥር ሲገባ፥ ዝገት ሲይዘው፥ ወይም ቀለም ቀቢው በላዩ ሲቀባበት መንገዱ ይጠባል። የሞተሩ ማሳ ፈጽሞ ሲበጠስ ደግሞ ሞተሪኖው የሚስበው ከፍተኛ ኮረንቲ ሌላ መተላለፊያ ይፈልግና በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ገመዱም ይግላል።

ጠባብ መንገድ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ብናየው ይሻላል። ጌኦርግ ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት፥ በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ኮረንቲው በተቃውሞው ተባዝቶ ይገኛል። ረዥሙ የፊት መብራት በየጎኑ 60 ዋት ነው፤ ሁለቱ በ12 ቮልት 10 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። በማሳው ላይ 0.2 ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢኖር 2 ቮልት ገደማ እዚያው በሙቀት ይቀራል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ የአምፖል ብርሃን ግን ከቮልቱ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወርድ፥ ነጂው የሚያገኘው ወደ ግማሽ የተጠጋ ብርሃን ነው። በሌሊት ከብት መንገድ በሚያቋርጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ብልሽቱ እንዴት ይገኛል? አስቀድሞ ባትሪው ራሱ ይታያል፤ ሞልቶ ካረፈ 12.6 ቮልት፥ ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች መብራቱን አጥፍተው በቴስተር ኦም ይለካሉ፤ ይህ ያታልላል። ከሃያ የሽቦ ክሮች አሥራ ዘጠኙ ተበጥሰው አንዱ ቢቀር፥ ቴስተሩ የሚልከው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በዚያው በአንዱ ክር ያልፍና «ደኅና ነው» ይላል። ሽቦ የሚፈተነው ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ነው። ስለዚህ መብራቱ በርቶ ሳለ ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርገን፥ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፥ ሁለተኛውን በመብራቱ የማሳ ጫፍ ላይ እናሳርፋለን። ከ0.2 ቮልት በታች ካሳየ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ከ0.5 ከበለጠ ሕመሙ በሁለቱ መካከል አለ። ሁለተኛውን ጫፍ ወደ ባትሪው በኩል ደረጃ በደረጃ እያቀረብን ብሎኑን፥ ቦዲውን፥ ወፍራሙን ሽቦ፥ መቆንጠጫውን ስንነካ፥ ቁጥሩ በድንገት የወደቀበት ስፍራ የብልሽቱ ስፍራ ነው። የባትሪው ራስ ስንል እርሳሱን ራሱን ማለታችን ነው፤ መቆንጠጫውን የነካ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ነጭ ዝገት ሳያገኘው ያልፋል። ለሞተሪኖም እንዲሁ ሌላ ሰው ቁልፉን እያዞረ በእርሳሱና በሞተሩ ብረት መካከል ይለካል።

የኋላ መብራቶች ነገር ያስቃል፤ ያስተምራልም። ፍሬን ሲረገጥ የፍሬኑ መብራት ሳይበራ የሌሊቱ ትንሽ መብራት ይበራል። ባለቤቱም ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል ብሎ ጋቢናውን በሙሉ ያስፈታል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የፍሬኑና የሌሊቱ ብርሃን በአንድ አምፖል ውስጥ ያሉ ሁለት ክሮች ናቸው፤ አንዱ 21 ዋት፥ ሌላው 5 ዋት ነው፤ ማሳቸውም አንድ ነው። ያ ማሳ ሲዘጋ ወደ ትልቁ ክር የገባው ኮረንቲ መውጫ አጥቶ በትንሹ ክር ይመለስና በሌሎቹ ትንንሽ መብራቶች በኩል ማሳ ያገኛል። መድኃኒቱ ብሎኑን ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ መፋቅና መልሶ ካጠበቁ በኋላ ግራሶ መቀባት ነው። የጭነት ሣጥኑ ክፉኛ ከዛገ ግን ከኋላ መብራቶቹ እስከ ሻንሲው ንጹሕ ብረት አንድ ተጨማሪ ሽቦ መዘርጋት ይበልጣል።

በዚያ ዘመን በተሠሩት ብዙ የቶዮታ ፒክ አፖች ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። የፊት መብራቱ ኮረንቲ ቀድሞ ወደ አምፖሉ ይደርሳል፤ ረዥሙንና አጭሩን የሚመርጠው ማብሪያ ያለው በመመለሻው በኩል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ባልበራው ክር ጫፍ ላይ 12 ቮልት ሲያገኝ ግራ ይጋባል።

ፊውዝ የሽቦው ዘበኛ ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በመዳብ ሽቦ የሚተኩ ግን ብዙ ናቸው። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መዳብ ለመቅለጥ 80 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ በ15 አምፔር ፊውዝ ይጠበቅ የነበረው የመኪናው ሽቦ ከዚያ አስቀድሞ ልባሱ ይነድዳል፤ እሳቱም ከዳሽቦርዱ ሥር፥ ከነጂው እግር በላይ ሊነሣ ይችላል። ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ በፊውዙ ቦታ የ21 ዋት አምፖል እናገናኛለን። በርቶ ሳለ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይጎዳም፤ ሽቦው ብረት እስከ ነካ ድረስም በሙሉ ብርሃን ይበራል። ከዚያ በኋላ ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ፥ ሽቦውንም በእጅ እያወዛወዙ አምፖሉ የሚደክምበትን ስፍራ መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሽቦው የቆርቆሮ ቀዳዳ በሚያልፍበት፥ መከላከያ ጎማውም በወደቀበት ቦታ ነው። ለጥገናው ባትሪው ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፥ ሲታሰርም ኔጋቲቩ ይከተል፤ ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው ቦዲውን ከነካ የባትሪው ኮረንቲ ሁሉ በመፍቻው ያልፋልና።