ጆን ማደን፦ ፕራግን ኳስ ያስተማረው ስኮትላንዳዊ

ዛሬ ዛሬ አንድ ቡድን ሦስቴ ከተሸነፈ የአሰልጣኙ ወንበር መነቃነቅ ይጀምራል። ጆን ማደን ግን በአንድ ክለብ 25 ዓመት አሰልጥኗል። ቼኮችም የእግር ኳሳቸው አባት ይሉታል።

ማደን እ.ኤ.አ. በ1865 ስኮትላንድ ውስጥ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር በምትገኘው ደምባርተን ተወለደ። ከተማዋ በመርከብ ሥራ ነበር የምትኖረው፤ እሱም የእንጀራ ሥራውን የጀመረው ከዚያው ነው። የስኮትላንዱ ክለብ ሴልቲክ በግንቦት 1888 የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ ሬንጀርስን 5 ለ 2 ሲያሸንፍ የመሐል አጥቂው ማደን ነበር። ለስኮትላንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰልፎ 5 ጎል አስቆጥሯል፤ አራቱን በ1893 በዌልስ ላይ፣ በአንድ ጨዋታ።

በ1905 ወደ ፕራግ፣ ወደ ስላቪያ ክለብ አቀና። ክለቡ የፈለገው የሬንጀርሱን ተጫዋች ሮበርትሰንን ነበር፤ ማደን በዚያ ሰው ማሊያ ፎቶ ተነስቶ ተልኮ ነው የተቀጠረው እየተባለ ይተረካል። ተረት ይሁን እውነት፣ ስላቪያ በመጣው ሰው አልተጸጸተም።

ማደን ይዞ የሄደው የስኮትላንዳውያንን የኳስ ቅብብል ነበር፤ ኳስን ለብቻ ይዞ ከመሮጥ ለጓደኛ ሰጥቶ ክፍት ቦታ መፈለግ። የሰውነት እንክብካቤንም ያስተምር ነበር። ልምምድን በሥርዓት አስያዘ፣ ተጫዋቾቹን በእጁ እያሸ ያፍታታ ነበር። አሰልጣኝነት ገና እንደ ሙያ ባልታወቀበት ዘመን አሰልጣኝም ወጌሻም እሱው ነበር።

ፍሬው ጊዜ ወሰደ። ስላቪያ በ1925 የቼኮዝሎቫኪያ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1929/30 ደግሞ 14ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ማደንም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጣ። ወደ አገሩ ግን አልተመለሰም። ቼክ ሚስት አግብቶ ነበርና የጀርመንን ወረራ ከፕራግ ሰው ጋር አብሮ አሳለፈ፤ በ1948 አርፎ በኦልሻኒ መካነ መቃብር ተቀበረ።

በ1923 ፕላኒችካ የሚባል ወጣት በረኛ ወደ ስላቪያ መጥቶ በማደን እጅ አደገ። ከ11 ዓመት በኋላ ሮም ላይ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስትሰለፍ ካፒቴኑ እሱ ነበር። በዚያ ቀን ለቼኮዝሎቫኪያ ብቸኛዋን ጎል ያገባው ፑችም የስላቪያ ልጅ ነው። ለአሰልጣኝ ጊዜ ሲሰጠው የሚያፈራው እንዲህ ያለውን ነው።